ወይን ጠጁ ውሃ

ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ፣ አዎ፣ ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው ራሷ የቤት ሳይንስ መምህርቷ እንቁ ናት፣ ዓይን አይፈተግም፣ ብሌን አይነካም፣ አንዱን ዓይን የጠረገ ጨርቅ ወደ ሌላው አይሻገርም፣ ሁሉን ታውቃለች፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለች። ውሃው ፈልቷል፣ በርዷል፣ በክንዷ ሞክራዋለች፣ ለብ ያለ ነው፣ ምንም አልገባበትም። ምንም። ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች። ባዘቶ አይሆንም፣ ክሩ ዓይን ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ ያረጀ ነጠላዋን ቀድዳ ቀቅላዋለች፣ ሁለት ቁራጭ፣ ውሃውን እንደገና ታሸተዋለች፣ ለምን ታሸታለች፣ ያኛውስ ምን ይሸት ነበር።

ከፊቷ ዱካ ላይ የተቀመጠችው አዚዛ ናት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለሱቋ፣ የስምንት ዓመት ጎረቤቷ፣ ግልገል ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ ይዛታለች፣ ከፎጣው የወጣ ጭንቅላቷ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቿ በደረቀ ዓይናር ተጣብቀዋል። አዚዛ ታወራለች፣ አይጡ ጆንያውን ሁሉ ጨረሰው፣ ባሌ ዓብዱልሰላም ገብስ ሊያመጣ ጎጆ ከተማ ወጥቷል፣ ነገ ሲመለስ ይህቺን ታውራ ቢያገኛት ደግሞ ይጀምረኛል፣ ከብት ሐኪሙ ኦቦ ሌታ ጋ ወስጃት ነበር፣ ላም ስትሆን አምጫት ብሎ ሳቀብኝ፣ እኔስ መች አጣሁ፣ ቲቸር አለችኝ አልኩት። ቲቸር አለችኝ። እንቁ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትስባለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታፍር እንዲህ ናት፣ ወይ መሬት ዋጠኝ፣ ይህቺ ሴት ማንን አምና እንደመጣች ብታውቅ።

ሻሼ። የያኔዋ ድመት ሻሼ ነበረች፣ ነጭ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ እንቁ ገና ተመድባ አምቦ የገባች ሰሞን፣ አዚዛ ለለቅሶ ሁለት ቀን ወሊሶ ስትሄድ እዪልኝ ብላ ተወቻት፣ የግራ ዓይኗ ትንሽ ያለቅስ ነበር፣ ትንሽ፣ ቢተዉት በራሱ የሚድን፣ ግን የተማረች አይደለች፣ የተማረ ሰው ዝም ብሎ ያያል እንዴ፣ ከትምህርት ቤት ሰላጣ የሚታጠብበትን ፐርማንጋኔት በወረቀት ቋጥራ አመጣች፣ የሰላጣ ተሕዋስ የገደለ የዓይንም ይገድላል፣ እንዲህ ነው ያሰበችው፣ እንዲህ ብላ አሰበች፣ ውሃው ወይን ጠጅ መሰለ፣ ያምር ነበር፣ ሳይሟሟ ታች የቀረውን ቅንጣት አላየችም፣ እንደ ኑግ ፍሬ ጥቁር፣ ስታጥባት በዓይኗ ቆብ ሥር ገባ። የሻሼ ጩኸት። በማግስቱ ዓይኑ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጣ።

ልትናገር ነበር። ምላሷ ላይ ነበር። ግን ዓብዱልሰላም ቀደማት፣ ድመቷ መንገዱን እየተሻገረች ወደ ሱቁ ትመላለስ ነበርና፣ በሱቁ ጥግ የሳሙና ሶዳው ጣሳ ክፍት ሆኖ አገኘው፣ ሶዳ ነው ያቃጠላት፣ አንቺ ነሽ ሳትከድኚ የሄድሽው ብሎ አዚዛ ላይ ጮኸ፣ አዚዛም እውነቱን ነው፣ አልከደንኩትም፣ በእጄ ነው ያጠፋኋት ብላ አለቀሰች፣ እንቁ በር ላይ ቆማ ሰማች፣ ዝም አለች። የመንግሥት ንብረት ነው፣ በዚያ የቀይ ሽብር ዓመት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ቁንጥር መድኃኒት ወስዳ ተገኘች ቢባል ማን ይጠይቃል ለድመት ነው ብሎ፣ አብሯት ያስተምር የነበረው ሙለታ ለስብሰባ ተጠርቶ በዚያው አልቀረም እንዴ። ፈራች። በኋላ ያ ዘመን አለፈና የምትፈራው አዚዛን ብቻ ሆነ፣ እሱ ይብሳል።

ደግሞ ጣቶቿ። ፐርማንጋኔቱ ጣቶቿን ቡናማ አድርጓቸው አልለቅ አለ፣ አዚዛ አየቻቸውና ምንድን ነው ስትላት፣ ሂና ሞክሬ ነው አለች፣ ከየት እንደመጣላት አታውቅም፣ ያን ሳምንት አዚዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ ይሄ ሂና ነው እንዴ፣ ቆዳ ፋቂ መስለሻል፣ ኮቱ፣ ነይ ወዲህ፣ ብላ ራሷ በጥብጣ እስከ አንጓዋ ቀባቻት፣ በጨርቅ አሰረችላት፣ አጎረሰቻት፣ እጅሽ ታስሯል እያለች በራሷ እጅ አጎረሰቻት፣ እንቁም ዋጠች። ከሁለት ወር በኋላ ሻሼን በታወረችበት በኩል የመጣ የነቀምት መኪና ገጫት። ከዚያ ወዲህ አዚዛ ሶዳውን ሦስት ዙር በገመድ ታስረዋለች።

በይ እንጂ ቲቸር፣ እየበረደ ነው ትላለች አዚዛ። እሺ፣ እሺ። ጨርቁን ነክራ ጨምቃ የተዘጋው ዓይን ላይ ታስቀምጣለች፣ አትጎትትም፣ ትጠብቃለች፣ ይርጠብ፣ ይለስልስ፣ እግዚአብሔር ሆይ ይህን አንድ ዓይን ብቻ፣ ድመቷ ትንፈራገጣለች፣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስብሰባ ስብሰባ ይላል፣ ዓይናሩ ለቀቀ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ፣ አንዴ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ አንዴ። ተከፈተ። ጥርት ያለ ነው፣ ጉም የለበትም፣ ያያታል።

አልሐምዱሊላህ ትላለች አዚዛ። ያኔም እኮ አንቺ ጋ ደህና ነበረች፣ ሶዳውን ብቻ ከድኜ ቢሆን ኖሮ።

አሁን። አይ፣ ነገ። አይ፣ ስምንት ዓመት ነገ ስትል ነው፣

«አዚዛ፣ ሶዳው አይደለም። እኔ ነኝ። በመድኃኒት አጠብኳት፣ አቃጠላት።»

አለችው። ሰማችው ራሷ፣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት፣ አዚዛ አትንቀሳቀስም፣ ፎጣውን የያዘው እጇ አይላላም አይጠብቅም፣ ምናለ ብትጮህ፣ ምናለ ብትመታኝ፣ አሁን ተነስታ ልትሄድ ነው፣ ድመቷን አንድ ዓይኗ እንደተዘጋ ይዛት ልትሄድ ነው፣ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ተማሪዎቹ፣

«ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሰድበኝ» ትላለች አዚዛ ቀስ ብላ፣ «እውነቱን ነው እያልኩ።»

እንቁ ቀና ብላ ማየት አትችልም።

«ነገ ሲመጣ ራስሽ ትነግሪዋለሽ። በአፍሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ እንጂ አላግዝሽም። አሁን ይቺኛዋን ዓይን ጨርሺ።»

ሁለተኛው ጨርቅ፣ ንጹሑ፣ ነክራ ጨምቃ ታስቀምጠዋለች፣ ዓብዱልሰላም ፊት፣ ወንድ ፊት ቀና ብላ ተናግራ የማታውቀው እሷ፣ ጋሼ ዓብዱልሰላም፣ ሶዳው፣ አይ፣ እንዲህ አይጀመርም፣ ጋሼ፣ አንድ ነገር፣ ስንት ሰዓት ይሆን የሚገባው፣ የጎጆ መንገድ ክፉ ነው፣ ዝናብ ከጣለ መኪናው ጭቃ ይይዘዋል፣ ይጣል፣ አንድ ቀን ብቻ ይዘግይ፣ ዓይናሩ ጠርዙ ላይ መላቀቅ ጀምሯል፣ ይጣል በቃ፣ አይ፣ አይጣል፣ ነገውኑ ይምጣ፣