የብረት አር መወጣጫ

ሚስቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ሳለች አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ። "ቤቴ የምገባው በገዛ እጄ ዊልቸሬን እየገፋሁ ነው። እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ትከሻህ ላይ ብትጭነኝ፣ እግሬ የዳነ ቀን ጥዬህ እሄዳለሁ።"

"የበራችንን አራት ደረጃ እርሺው" አልኳት። "በሦስት ቀን ዊልቸር የሚገፋበት ተዳፋት መወጣጫ እሠራልሻለሁ። ለቅዳሜ ይደርሳል።" ለነርሶቹም ነገርኳቸው፤ ለጎረቤት አልጋዎችም፤ ለዘበኛውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮንክሪት ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሞላሁት ቢደረደር ጨረቃ ይደርሳል፤ ትርፉ ለመመለሻ ይበቃል።

ልጄ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ፣ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ምላሷን የወረሰችው ከእኔ ነው። ሰኞ ጠዋት አሸዋና ጠጠሬን ሳዘጋጅ ነጣ ያለ ዱቄት በከረጢት አስጭና ከች አለች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የብረት አር።" ብረት ሲቀልጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ ነው፤ ቀዝቅዞና ልሞ ተፈጭቶ። "የሲሚንቶውን ግማሽ በዚህ ተካው፣ አባዬ።"

"ለእናትሽ ቆሻሻ ላንጥፍላት?"

"ሲሚንቶ ለመሥራት ድንጋይ ሲቃጠል የሚወጣውን ጭስ ታውቀዋለህ። ይሄ ግን እሳቱን አንዴ በልቶ ጨርሷል። ከፋብሪካው ጀርባ ተራራ ሆኖ የሚወስደው አጥቷል። ደግሞ ቀስ ብሎ ነው እንጂ ሲጠነክር ያንተን ሲሚንቶ ያስንቃል።"

ያንተን ማለቷ አንገበገበኝ። ግማሹን በአሩ ተክቼ አቡክቼ ሞላሁት። ጎማ እንዳያንሸራትት ላዩን በመጥረጊያ ጫርኩት፤ እንዲያ ያለ ጭረት ሠዓሊም አይወጣለት።

ሐሙስ ዙሪያውን የያዙትን ጣውላዎች ስነቅል ጎኑ ሁሉ አረንጓዴ! ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ። ጠርዙን በመዶሻ ነካ ባደርገው እንደ ብስኩት ተሸረፈ። ውስጡም ያው ነው፤ ይባስ ብሎ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አሁኑኑ አፍርሼ በንጹሕ ሲሚንቶ ብሞላው፣ እኔ እስከሆንኩ ድረስ፣ ለቅዳሜ አደርሰዋለሁ ብዬ ትልቁን መዶሻ አነሳሁ።

ልጄ በበሩ ገባች፤ ሮጣ መጥታ መወጣጫው ላይ ዘፍ አለች።

"እኔንም አብረህ ምታኝ!"

"በስብሷል እኮ፣ አንቺ!"

"ኮንክሪት ጎመን ነው የሚበሰብሰው? ቀለሙ አየር ስላላገኘ ነው። አየር ሲነካው ይነጣል፤ ሽታውም ይጠፋል። ጤነኛ ነው አባዬ፣ ዝግተኛ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ውሃ እየጠጣ ይቆይ።"

"እናትሽ ከነገ ወዲያ ትመጣለች።"

"ሰኞ ነግሬህ ነበር። 'እኔ የሞላሁት በሦስተኛው ቀን መኪና ይሸከማል' ብለህ አባረርከኝ።"

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ። መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ ታክሲው ሚስቴን አወረደልን። ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ አረንጓዴውን ጎን ትክ ብላ አየችው። ያዘጋጀሁት ውሸት ለአንድ መንደር ይበቃ ነበር፤ ባለሙያዎች ከባሕር ማዶ ሊያጠኑት መጥተዋል ልላት ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ተውኩት። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"አልደረሰም" አልኳት። "ልጅሽ ብትነግረኝም አልሰማ ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።"

"በምንድን ነው የሠራኸው?"

"በብረት አር።"

ዳሌዋን ይዛ ሳቀች። "ሠላሳ ዓመት ስትፎክር ኖረህ፣ በአር ተሸነፍክ?"

"ታዲያ ልሸከምሽ?"

"ሞክራትና!" ከመሬት እኩል ወደሆነችው ዕቃ ቤቴ በአገጯ አመለከተች። "እሷን ለመጥረግ ስንት ቀን ይፈጅብሃል?"

"ግማሽ ሰዓት።" እስኪመሽ ፈጀብኝ።

ሁለት ሳምንት በአካፋና በባልዲ መሐል ኖርን። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ዊልቸሩ እንዲዞር እኔ መውጣት ነበረብኝ። ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ጎማውን እየገፋች ትሄድና ላዩ ላይ ያለበስነውን ጆንያ በውሃ ቱቦ ታርሰዋለች። "ጠጣ የኔ ልጅ፣ ጠጣ" ትለዋለች። ለእኔ እንኳ እንዲህ ለስላሳ ቃል ካወጣች ዓመታት አልፈዋል፤ በኮንክሪት ቀናሁ። ጎኑ በየቀኑ እየገረጣ መጣ። አንድ ማለዳ ጠርዙን ደግሜ በመዶሻ ብመታው፣ መዶሻው ነጥሮ እጄን አደነዘዘኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ልጄ ጆንያውን ገፈፈችና "ደርሷል" አለች።

ሚስቴ ጎማዎቹን ጨበጠች። እኔ ከኋላዋ እጆቼን ዘርግቼ ተከተልኩ።

"እጅህን!" አለች ሳትዞር። ሰብስቤ ታች ቀረሁ።

መሐል ላይ ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይታየኛል። ልጄ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ሚስቴ ደግማ ገፋች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ጎማው ደፉን አለፈ።

"ይሄን ቤት የጠረገው የለም እንዴ?" አለች ወለሉን እያየች።

ከታች ሆኜ ቀና ብዬ አየኋት።

"ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ!"

ደረጃው አጠገቤ ነበር። እኔ ግን በመወጣጫው ወጣሁ፤ ቀስ ብዬ።