አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት

"ቁምሳጥኑስ? ቁምሳጥኑን የት አደረጋችሁት?"

"በረንዳ ላይ ነው፣ አታስቢ" አለች ታላቅ እህቷ፣ ሻይ እያቀበለቻት። "ለቀስተኛው የት ይቀመጥ? አግዳሚ ማስገባት ነበረብን።"

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ክፍሉን ቃኘች። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጎረቤቶች ተረባርበው ጠረጴዛውን፣ ቁምሳጥኑን፣ የስፌት መኪናዋን ሳይቀር አውጥተዋል። ለእነሱ ቦታ ተለቀቀ፤ ለእሷ መንገድ ተዘጋ። በልጅነቷ በያዛት በሽታ እግሮቿ ስለሰለሉ ቤት ውስጥ የምትሄደው ዕቃ እየያዘች ነው፤ ከአልጋው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ቁምሳጥኑ። ሦስት ቀን ሙሉ ግን መጸዳጃ ቤት እንኳን የሄደችው እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው።

በሩ አጠገብ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

"ነፍሱን ይማረውና፣ ድንጋይ ነበር እኮ። ስትወድቅ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ሲያያት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።"

"አናጢ አይደል? ከእንጨት ጋር ውሎ እንጨት ሆኖ ነዋ።"

ሰማቻቸው። ውሸትም አልነበረም። እናታቸው በሞተች ዓመት፣ እሷ አሥራ ሁለት እሱ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ሳለ፣ ክንዷን በሲባጎ ለካና "ስልሳ ሴንቲ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትይዛቸው ዕቃዎች አንዱ ከሌላው ከስልሳ ሴንቲ በላይ ርቀው አያውቁም። ስትወድቅ ግን አያነሳትም። "እሺ፣ ቀጥሎስ?" ይላል። እሷም እየተሳደበች ትነሳለች።

"ሰው ሳሳ ሲል ቤቱን ቆልፈን እኔ ጋ ትሄጃለሽ" አለች እህቷ። "ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ።"

"እትዬ፣ እኔ ቤት አለኝ። ሥራ አለኝ።"

"ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? እሱ እንደሆን የለም።"

"እሱም አንስቶኝ አያውቅም።"

ጥግ ላይ የተቀመጡት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድ ቀን ወንፊት ልዋስ መጥቼ በመስኮት አየሁት። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ሁለት እግሩን በገመድ ጠፍሮ፣ ዕቃ እየያዘ ክፍሉን ይዞራል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ በግንባሩ ተደፋ። አገጩን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። 'ጣውላ መታው ይበሉ' ብሎ አስምሎኛል።"

ያንን ጠባሳ ሃያ ዓመት ሙሉ አይታዋለች። የጣውላ ነበር የሚመስላት። ሻዩን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው።

"አግዳሚዎቹን አውጡልኝ። የኔን ዕቃ መልሱ።"

"ሰው እየመጣ? የት ሊቀመጥ?"

"ቆሞ ያልቅስ" አሉ አዋላጇ። "ቶሎ ይጨርሳል።"

አንዷ ለቀስተኛ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። ወንዶቹ ዕቃውን መመለስ ጀመሩ፤ ልብስ ሰፊዋም አልጋው ላይ ሆና "ሁለት ጣት ወደ ግራ። በዛ፣ አንድ ጣት መልሱት" ስትል አንዳቸውም አላጉረመረሙ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ እህቷ ሄዳ የጓሮው በር ጋ ቆመች።

"በይ እስከዚህ ብቻሽን ነይ። ከደረስሽ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

ተነሳች። አልጋ፣ መኪና፣ ጠረጴዛ፣ ቁምሳጥን። ከቁምሳጥኑ ቀጥሎ፣ ሳታስበው፣ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። የጨበጠችው አየር ነበር። በክርኗ ወለሉ ላይ ወደቀች።

"ወይኔ!" እህቷ ተንደረደረች።

"አትንኪኝ እትዬ! ከነካሽኝ አይቆጠርም።"

በክርኗ እየተሳበች በሩ ጋ ደረሰች። እጀታውን በአንድ እጇ ያዘች፣ ጉልበቷን በሌላው ገፋች፣ ቆመች። ፊቷን ላብ አጥምቆታል።

"ደረስኩ።"

"ወድቀሽ ነው እኮ!"

"ወድቄ ደረስኩ።"

እህቷ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ልብስ ሰፊዋ ግን የምታየው እሷን ሳይሆን የወደቀችበትን ቦታ ነበር።

"ከመኪናው መሳቢያ ሜትሬንና ጠመኔዬን አቀብዪኝ። አዎ። አሁን ጫፉን ቁምሳጥኑ ላይ ያዢልኝ።"

ከቁምሳጥኑ እስከ በሩ እጀታ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት ሴንቲ።

"ሰዎቹ ቁምሳጥኑን ሲመልሱት አሳስተውት ነዋ!" አለች እህቷ።

"አላሳሳቱም። የቁምሳጥኑ እግር የቆመበት ምልክት ወለሉ ላይ አለ።"

ሁሉን የለካ ሰው ይህን እንዴት ዘነጋው? በዚህ በር የምትወጣው አመሻሽ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱ ከሥራ ሲመለስ፣ ጓሮ ተቀምጠው አየር ሊቀበሉ። የመሣሪያ ሳጥኑን እዚሁ፣ በቁምሳጥኑና በበሩ መካከል፣ ግድግዳው ሥር ያኖርና ላዩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል። ክር ለመፍታት እንደሱ የሚዘገይ ሰው አይታ አታውቅም። አንገቱን እንደደፋ ይፈታል፣ ይፈታል፤ እሷ ትከሻውን ይዛ እስክታልፍ ድረስ።

አልዘነጋውም።

እህቷ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘች ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እዚህ ጋ ግድግዳው ላይ መያዣ እንጨት ይመታል" አለች። "ነገ የሥራ ባልደረባውን ይዤልሽ እመጣለሁ። ከፍታው ስንት ይሁን ልበለው?"

ልብስ ሰፊዋ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ሜትሩን ጠቀለለችና መልሳ ሰጠቻት። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ወደ ባዶው ቦታ ሰደደች፣ ጥቂት ዝቅ አደረገችው፣ መዳፏን ከፍታ አሳረፈችው። ከዚያ እጇን ከቆመበት ሳትነቀንቅ፣ በዚያው ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመረች።