ከዘጠና ሰባት በኋላ

ቀቢው መሰላሉ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያዋን አንድ ጽፎ ጨርሷል። ዜሮዋን ሊጀምር ብሩሹን ቀለም ውስጥ ሲነክር፣ መምህርቷ ከታች ሆነው "ቆይ እስቲ" አሉት። ቆመ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ 10,403 የሚል ቁጥር ከተጻፈ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ያስጻፉት እሳቸው ናቸው። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈል፣ ብቸኛ የሚባለው ዓይነት ቁጥር ነው ብለው ስንቱን ተማሪ "እናንተም እንደሱ ሁኑ፤ ማንም አይከፋፍላችሁ" እያሉ ሸኝተውበታል። ነገ ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ ተማሪ ሊሰናበታቸው ይመጣል፤ ቁጥሩም ለክብራቸው ሲባል በአዲስ ቀለም እየታደሰ ነው።

ጉድ የፈላው ትናንት መሳቢያቸውን ሲያጸዱ ነው። ያኔ ቁጥሩን ያረጋገጡበት የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ብቅ አለ። ዘጠና ሰባት ላይ ያልቃል። እሳቸውም ቁጥሩን ሰንጠረዡ ላይ ላሉት ሁሉ በየተራ አካፍለው፣ ሰንጠረዡ ሲያልቅ እዚያው አቁመው ኖሯል። ቀጥሎ ያለውን ብቸኛ ቁጥር፣ መቶ አንድን፣ በእርሳስ ሞከሩት። መቶ ሦስት ጊዜ ደረሰ፤ ቀሪ የሚባል የለውም። አንዲት ማካፈል ብቻ ነበረች የቀረቻቸው።

በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ይህ ቀቢ ያኔ ተማሪያቸው ነበር። እጁን አውጥቶ "ለመቶ አንድ ይካፈላል" ያለው እሱ ነው። እሳቸው ሳይሞክሩት "አንተ ከሰንጠረዡ ልትበልጥ ነው?" ብለው ክፍሉን አሳቁበት፤ ደጅ አቆሙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ "መቶ አንድ" ሆኖ ቀረ። የሰፈሩ ሰው፣ ሚስቱ እንኳ ሳትቀር፣ በዚያ ነው የሚጠራው። እሳቸውም እንደዚያው ሲጠሩት ኖረዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ሊጠሩት አፋቸውን ከፍተው ዋጡት።

"ቁጥሩ ይካፈላል" አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ። "ያኔ ልክ ነበርክ።"

"አውቃለሁ ቲቸር።"

"እያወቅክ ነው ሦስቴ ያደስከው?"

"ምን ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ሰዉም ወዶታል።" ብሩሹን በቆርቆሮው አፍ ጠረገ። "አይጨነቁ፣ እንደነበረው እጨርሰዋለሁ። ነገ ማንም ቁጥር ሲያካፍል አይውልም።"

ፊታቸው በእፍረት ጋለ። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ደግሞ የባሰው፣ እሺ የምትለዋ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ የቀራቸው እኮ አንድ ቀን ነው።

"ሚስትህ ለምን መቶ አንድ እንደምትባል ታውቃለች?"

"ሂሳብ ስለማይገባኝ ይመስላታል" አለ፣ ፈገግ ብሎ።

መምህርቷ ቀና ብለው አዩት።

"ነገ ይዘሃት ና" አሉት። "ቁጥሩን ጻፈው። ከጎኑ እኩል ይሆናል በልና መቶ አንድ ሲባዛ በመቶ ሦስት አድርግ። ከሥሩ ያገኘውን ሰው ስም ጻፍ። እናትህ ያወጣችልህን።"

"በሱ ማን ያውቀኛል ቲቸር?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አሉና ቦርሳቸውን ወንበር ላይ ጥለው መሰላሉን ያዙለት።