ማሾው ለምን ይበራ ነበር

ዶክተር ኃይለመስቀል የሳጥኑን የመስታወት ክዳን ገልጦ «እነሆ!» ሲል፣ እታለማሁ ባዳሳ በመርፌ ከተወጋችው የእሳት እራት ክንፍ ሥር የራሷን ሙጫ አየች።

ወይ ጉድ! ከዓመታት በፊት፣ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን፣ ጉንዳን የበላት አንዲት ቡናማ የእሳት እራት አሳዝናት፣ የሌላዋን ቀይ የኋላ ክንፍ ቆርጣ በግራር ሙጫ የለጠፈችላት እሷ ናት። ለጌጥ፣ ለሕፃናት ማሳያ እንድትሆን ብላ። ይኸው ዛሬ ያቺ ጌጥ ምሥራቅ ጀርመን ድረስ ሄዳ፣ ሰውየውን ዶክተር አሰኝታ፣ «በዓለም ላይ ታይታ የማትታወቅ ዝርያ» ሆና ሮቤ ተመልሳለች።

«ምን ትያለሽ?» አላት።

«ታምራለች፣ ዶክተር።»

«ከጀርመን የመጣው ፕሮፌሰር ዛሬ ጎባ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ደኑ አጠገብ፣ ጓድ ተሰማና የገበሬ ማኅበሩ ባሉበት ያያታል። በእንፋሎት አለስልሶ ሆዷን ሊመረምር ይፈልጋል። እኔ አንዲት ብቻ ስለሆነች ፈርቼ ነክቻት አላውቅም። መቼም ያንቺ እጅ ቀላል ነው፤ አንቺ ታለሰልሻታለሽ።»

«እሺ፣ ዶክተር» አለች። ሙጫውም በእንፋሎት ይለሰልሳል፤ ይህን ግን አልነገረችውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገራችሁ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያው ጦርነት ባሌ ቆላ በገባበት ጊዜ፣ ሁለቱ በምርምር ጣቢያው የነፍሳት ክፍል ውስጥ እኩል ባልደረቦች ነበሩ። የእሳት እራት የሚያዘው በብርሃን ነው፤ ነጭ አንሶላ ይወጠራል፣ ማሾ ይለኮሳል፣ ከዚያ በኋላ በገዛ ክንፋቸው ይመጣሉ። ኃይለመስቀልም ያንን አንሶላ ስንት ጊዜ ወጥሯል! አንድ ቀን ግን «አሞኛል» ብሎ ቀረ። በእሱ ፈንታ ማሾውን ይዞላት የወጣው ባሏ ሙለታ ነው፤ የጎባ አስተማሪ ነበር፣ ከሚስቱ ጋር ማምሸት ደስ ይለው ነበር እንጂ ስለ ነፍሳት ደንታ አልነበረውም። በሽተኛው ኃይለመስቀል ከአልጋው ተነስቶ ወደ አብዮት ጥበቃዎቹ ሄደና «ከተራራው ላይ ለጠላት በማሾ ምልክት የሚሰጡ አሉ» አለ። ሙለታ ማሾውን እንደያዘ በጥይት ወደቀ። እሷ ሁለት ዓመት ታሰረች፤ የጠቆመባትን ሰው ስም መርማሪዋ ራሱ እየሳቀ ነገራት። ስትፈታ፣ ለእሷ ወጥቶላት የነበረውን የውጭ ትምህርት ዕድል ኃይለመስቀል ወስዶት፣ ሳጥኖቿንም ጭኖ ሄዷል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እታለማሁም አልረሳችም፤ ቂሟን ቋጥራ ኖረች። ለሙለታ ለቅሶ እንኳ ተከልክሎ ነበር፤ «ለሰርጎ ገብ አይለቀስም» ተባለ። እናቱ አዴ ሲምቦ እንባቸውን ቤታቸው ዘግተው አነቡት። እታለማሁ ራሷ ማሾ ይዛ እንዳትወጣ ስለታገደች፣ የሌሊቱን ፍጥረት ሁሉ ትታ የቀን ቢራቢሮ አጥኚ ሆና ቀረች። ግማሽ ሙያዋን ነጠቋት ማለት ነው።

ዶክተሩ እንደወጣ የላቦራቶሪ ረዳቷ ወይንሸት መጣች። «ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

ነገረቻት። ወይንሸት ሳቋ አመለጣትና አፏን በጋዎኗ አፈነች።

«ወይኔ ጉዴ! በይ ዝም በይ፣ እንዳትተነፍሺ! ፈረንጁ ፊት፣ ጓድ ተሰማ ፊት፣ ክንፏ ቁልቁል ሲወርድ… አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል!»

«የኔስ!»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ደኑስ?»

ወይንሸት ሳቋን ዋጠችው። የደኑን ነገር የጣቢያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጎባ በላይ ያለው የኮሶና የጥድ ደን በአውራጃው አስተዳዳሪ በጓድ ተሰማ ትእዛዝ ለስንዴ ሊመነጠር ተወስኖ፣ ያስቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህች የእሳት እራት። እታለማሁ በዚያ ደን ውስጥ በየክረምቱ መረብ ይዛ ስትዞር ኖራለች። ስም ያልወጣላቸው እውነተኛ ብርቅዬዎች እንዳሉበት እርግጠኛ ናት፤ ግን ያለ ማሾ አይመጡም፣ ካልመጡ ደግሞ ማስረጃ የለም።

«ይህች ውሸት ናት ከተባለ ማን ሁለተኛ ያምነናል?» አለች። «እስከ መስከረም ደኑ ማገዶ ይሆናል።»

«እንግዲህ ወይ ደኑ ወይ የሙለታ ደም» አለች ወይንሸት። «እኔ አልመርጥልሽም፣ እህቴ።»

ከሰዓት በኋላ በላንድሮቨር ወጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሰው ደኑ ጥግ በሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አዴ ሲምቦም ከሴቶቹ ኋላ ሻሻቸውን ዝቅ አድርገው ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሩ ረጅም፣ ጺሙ የነጣ ሰው ነው፤ ዛፎቹን እያየ ይደነቃል። እታለማሁ ሳጥኑን ይዛ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጓዳ ገባችና ቡታ ጋዙን ለኮሰች። ውሃው መፍላት ሲጀምር ዶክተሩ ተከትሏት ገባ።

«ደረሰ?»

«በሩን ይዝጉት፣ ዶክተር። ይህችን የሠራኋት እኔ ነኝ።»

«አንቺ መያዝሽን መቼ ካድኩ? በጽሑፌ መጨረሻ ላይ አመስግኜሻለሁ እኮ!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ!

«ያዝኳት አላልኩም፤ ሠራኋት ነው ያልኩት። የፊቱ ክንፍ የአንዷ፣ የኋላው የሌላዋ ነው። ይመልከቱ።»

እንፋሎቱ ላይ አቆየቻት። ቀዩ ክንፍ መጀመሪያ ዘመም አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ዶክተር ኃይለመስቀል ከኋላው የነበረው የስንዴ ጆንያ ላይ ዘጭ አለ።

«ማን ማን ያውቃል?»

አያችሁት? ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«እስካሁን እኔና ወይንሸት። ደጅ ስወጣ ሁሉም።»

«እታለማሁ! በእመቤታችን ይዤሻለሁ! ያዋርዱኛል፣ ማዕረጌን ይገፉኛል፣ ‹መንግሥትን አታለለ› ብለው ያስሩኛል። ልጆች አሉኝ!»

እታለማሁ ፊቱን አየችው። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እስር ቤት ሆና ስትመኘው የኖረችው ይህን ፊት ነው፤ ደስ አላት፣ በመደሰቷም አላፈረችም። ሙለታ ልጅ እንኳ ሳይወልድ ነው የሄደው።

«ደኑን አስቢ እንጂ!» አለ። «እኔ ከወደቅኩ ደኑም አብሮኝ ይወድቃል።»

«ከደኑ ኋላ አይደበቁ!»

ግን እውነቱን ነበር፤ ያበገናትም ይኸው ነው። ሞት ያመጣባት ሰው ዛፉንም፣ ምንጩንም፣ በውስጡ የሚበርረውንም ሁሉ መያዣ አድርጎ ቆመባት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። አዴ ሲምቦ ከሣሩ ላይ አንዲት ሰበዝ ነቅለው ይሰባብራሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው የለም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሰው ከእሳቸው ራቅ ብሎ መቀመጥ ለምዷል። እታለማሁ ክንፎቹን ሰብስባ በመሐረብ ጠቀለለችና ከካፖርቷ ኪስ ከተተች።

«ስሙኝ» አለችው። «ለፕሮፌሰሩ ‹አርጅታ ነበር፣ እንፋሎቱ በታተናት› እለዋለሁ። ሌላ ትያዝ ማለቱ አይቀርም። ለመያዝ ደግሞ ማሾ ይበራል። ጓድ ተሰማ ማሾው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ እርስዎ ይመልሳሉ። በ1970ም ያውቁ እንደነበር ጨምረው ይመልሳሉ።»

«በሕዝብ ፊት?»

«ሙለታ የተሰደበው በጓዳ ነው?»

«እምቢ ብልስ?»

ኪሷን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ፕሮፌሰሩ ነገሩን በእንግሊዝኛ ስትነግረው አንገቱን ነቀነቀ፣ አዘነ። ቀጥሎ፣ በዶክተሩ ጽሑፍ ላይ የወጣው ፎቶግራፍ በቂ ጥርጣሬና በቂ ተስፋ ይሰጣል፣ ሌላ እስኪያዝ ድረስ ግን ከዚህ ደን አንድ ቅርንጫፍ መነካት የለበትም አለ። ዶክተሩ በደረቀ አፉ ተረጎመ። ጓድ ተሰማ ፊቱን ቢያጨፈግግም ፕሮፌሰሩ የወዳጅ አገር እንግዳ ነውና «እሺ፣ ይቆይ» አለ።

«ለመሆኑ በምንድን ነው የምትይዙት?»

«በማሾ ነው፣ ጓድ» አለች እታለማሁ። «ሲመሽ ተራራው ላይ እናበራለን።»

«ማሾ? እዚህ?» ጓድ ተሰማ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ጓዶች፣ እዚሁ ቦታ በማሾ ምልክት ሲሰጥ የተመታ ሰርጎ ገብ አልነበረም እንዴ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አዴ ሲምቦ አንገታቸውን ይበልጥ ደፉ።

ዶክተር ኃይለመስቀል ተነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ተሰማ፣ የእሳት እራት የሚሳበው በብርሃን ነው። ማሾ ለጥናት ነው እንጂ ለምልክት አይደለም» አለና ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

እታለማሁ እጇን ኪሷ ውስጥ አስገብታ ወደ ፕሮፌሰሩ አንድ እርምጃ ተራመደች። ዶክተሩ እንደገና ቀና አለ።

«ያኔም…» ድምፁ ሰለለ። «ያኔም ለጥናት ነበር። ሙለታ ማሾ የያዘው ለእሳት እራት ነው። አውቅ ነበር። ጥበቃዎቹን የላክኋቸውም እኔ ነኝ።»

የመጨረሻዋን ቃል እታለማሁ አላዘዘችውም፤ ከአፉ አፈትልካ ወጣች። ከዚያ አዴ ሲምቦ ከሴቶቹ ኋላ ብድግ አሉ።

«ኢልማ ኮ!» አሉ። «ልጄ! ልጄ ከሃዲ አልነበረም! ሰማችሁ? ሰምታችኋል ወይ?»

ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ደረታቸውን መቱ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያፈኑት ጩኸት ወጣ፤ ሲወጣም ተራራው መለሰው። ሴቶቹ «ዋይ! ዋይ!» እያሉ ወደ እሳቸው ሮጡ፤ ከእሳቸው ርቀው ይቀመጡ የነበሩት ቀድመው ደረሱ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጓድ ተሰማ «ጓዶች፣ ስብሰባው…» ብሎ ጀመረ፤ ግራ ቀኙን አየና እሱም ቆቡን አነሳ። ስብሰባው ለቅሶ ሆነ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ሰው ሞቶብን ነው» አለችው እታለማሁ።

በዚህ መካከል ዶክተሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ላንድሮቨሩ ፈጠን ፈጠን አለ። እታለማሁ ቀድማ ከመኪናው በር ፊት ቆመች።

«እንግዳውን ጎባ ላድርሰው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

«እንግዳውን ሾፌሩ ያደርሰዋል።»

«ቃሌን ጠብቄያለሁ። ክንፎቹን ስጪኝና ልሂድ። ከኔ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እታለማሁ የኪሷን ቁልፍ ቆለፈች። አዴ ሲምቦ አጠገብ ሣሩ ላይ ክፍት ቦታ ነበር፤ በጣቷ አሳየችው።

«ለቅሶው ሦስት ቀን ነው» አለችው። «ሂድና ተቀመጥ።»