ክንዱ ሥራ ይግባ ወይስ ይቅር?

የጀልባዋ መለዋወጫ ከውጭ አገር መጣ የተባለ ዕለት፣ በሰፈሩ ያልተደሰተ ሰው ቢኖር ክንዱ ነበር። ጀልባዋ የእሱ ነበረች ማለት ይቻላል፤ ከባሕር ዳር ደቅ፣ ከደቅ ጎርጎራ ስትመላለስ ሞተሯን የሚያስነሣው፣ ስታኮርፍ የሚያባብላት እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ሐይቁ መካከል ላይ ቀጥ አለች፤ መንገደኛው በታንኳ ተለቅሞ ወጣ። ሠራተኛውም መለዋወጫው እስኪመጣ ያለ ደመወዝ እቤቱ ይጠብቅ ተባለ።

በዚያው ሰሞን የልጆቹ ሞግዚት ባል አግብታ ወደ መሸንቲ ሄደች። የክንዱ ሚስት እናትዓለም የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ናት፤ እሷም እቤት ከዋለች የሚበላ የለም። ስለዚህ ክንዱ «እስኪያልፍ ነው» ብሎ ልጆቹን ያዘ። ፅጌ ማርያም ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ መርስዔ ኀዘን ገና ጡጦ የሚጠባ ጨቅላ።

መጀመሪያ አካባቢ የሽንት ጨርቅ የሚያጥበው በር ዘግቶ ነበር። የሚያሰጣውም ቤት ውስጥ ነው። ጨርቁ አልደርቅ ብሎ ሲሸት ጎረቤቱ ኡሙሰልማ፣ በገበያው የታወቀች ነጋዴ፣ በሩን አንኳኳች።

«ክንዱ፣ ጨርቅ ፀሐይ ይፈልጋል። አንተ ብታፍር ጨርቁ አያፍርም፤ አውጣው!»

አወጣው። ልጁን በአንቀልባ ማዘልም ያስተማረችው እሷ ናት። የሰፈሩ ሴቶች በመጀመሪያው ሰሞን ሊስቁበት ይመጡ ነበር፤ ውለው አድረው ግን ሊያማክሩት ይመጡ ጀመር። ክንዱ ልጅን የሚያዳምጠው እንደ ሞተር ነበራ! «ይሄ የረሃብ ለቅሶ አይደለም፤ ሆዱን ነፍቶት ነው» ይልና ልጁን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ጀርባውን ቸብ ቸብ ሲያደርገው ለቅሶው ይቆማል። ዓሣ ሲጠብስማ ሽታው ዓባይ ማዶ ይደርሳል እየተባለ ይታማ ነበር።

በዚህ ሁሉ ያዘኑ ደቅ ደሴት የሚኖሩት እናቱ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። የደቅ ሰው «ጀልባዋ ከቆመች ወዲህ ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲላቸው፣ «የመንግሥት ምሥጢር ነው፤ አይነገርም» ይሉ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነውና ሁለተኛ የሚጠይቅ አልተገኘም።

አንድ ማለዳ የጀልባዋ ኃላፊ ጋሽ ሣህሉ መጡ። ክንዱ ልጁን አዝሎ ሽሮ ያማስላል።

«እንኳን ደስ ያለህ! ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገልህ። መለዋወጫው መጥቷል፤ ሰኞ ሥራ ትገባለህ» አሉት።

«ተመስገን» አለ ክንዱ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። ሽሮው አረረበት። ሽሮ ሲያርርበት ያን ቀን ገና የመጀመሪያው ነበር።

እናትዓለም ከፈረቃዋ ስትመለስ ነገራት። ክው አለች። ግን «ሞተሩ እንዴት ናፍቆት ይሆን! ላስከፋው አይገባም» ብላ አሰበችና ፈገግ አለች።

«እሰይ! ወንድነትህ ተመለሰ» አለችው።

እሱ ደግሞ «ለካ ስታፍርብኝ ነው የኖረችው» ብሎ አሰበና እሱም ፈገግ አለ።

«አዎ፣ ታክቶኝም ነበር» አላት።

ሁለቱም ፈገግ እንዳሉ እራት ሳይበሉ ተኙ።

ወሬው ደቅ ሲደርስ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በታንኳ ተሳፍረው እሑድ ከተፍ አሉ። «ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ወጥተህ ሰው ሁን» አሉት። ልጁ ስሙ መርስዔ ኀዘን፣ ኀዘን አስረሺ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት አባቱ ሲወጣ አይቶ ግን ኀዘኑን ለሰፈሩ ሁሉ አካፈለው። አያቱ አባበሉት፣ አሽኮኮ አደረጉት፣ ስኳር አላሱት፤ እሱ ግን ትንፋሹን ብቻ እየሰበሰበ ይቀጥላል።

በዚያ ሰዓት ወደቡ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ ከአውራጃ የመጡ አንድ ጓድ ለንግግር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ክንዱ ሞተሩን ቀሰቀሰው። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስሎ ተነሣ። ደስ አለው፤ አይካድም።

ጓዱ «ጓዶች!» ከማለታቸው ከሞተሩ የባሰ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ልጁን ታቅፈው፣ ፅጌ ማርያምን እየጎተቱ፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ይሮጣሉ።

«እንካ! ልጅህ ነው!» አሉና በሰው ራስ ላይ አሳልፈው አቀበሉት። አንቀልባውን ወረወሩለት። ክንዱ አዘለው። ለቅሶው ቀጥ አለ፤ ሰውም ቀጥ አለ።

«ጓድ ሞተረኛ፣ ጀርባህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ ጓዱ።

«ልጄ ነው ጓድ።»

«እናቱስ?»

«ፋብሪካ፣ ምርት ላይ ናት።»

ጓዱ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ዓይናቸው በራ፤ ለካ የዕለቱ ንግግራቸው ስለ ሴቶች እኩልነት ኖሯል። «ጓዶች! እኔ ምን እናገራለሁ? ምሳሌው ይኸው ፊታችሁ ቆሟል!» ብለው ጮኹ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሊሳፈሩ የቆሙ አንድ የደቅ ቄስ ወደ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጠጋ አሉና «ምሥጢሩ ይሄ ነው?» ቢሏቸው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ማታ ክንዱ ልጁን ሲያጥብ እናትዓለም አማቷ አጠገብ ተቀመጠች። «እማማ፣ እሱ ከወጣ ይሄ ቤት ምን ይሆናል? ግን ፍላጎቱ ሆነና ምን ልበል?» አለቻቸው በሹክሹክታ። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ደግሞ ክንዱ መጣ። «እማ፣ እኔስ አልፈለግሁም ነበር። እሷ ግን አፍራብኛለች» አላቸው።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሁለቱንም ጠርተው አስቀመጧቸው።

«አንቺ አትፈልጊ፤ እሱ አይፈልግ። እኔ እንደሆንሁ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አልፈልግም፤ ዶሮዎቼም ደጀ ሰላሙም ናፍቀውኛል። ልጁ እንኳ መልሱን ለባሕር ዳር ሁሉ ተናግሯል። ታዲያ ፈላጊው ማን ነው?»



«ሰው ምን ይላል ብዬ ነው» አለ ክንዱ ቀስ ብሎ።

«ሰውማ ዛሬ አጨበጨበልህ! ሌላ ምን ይበልህ?»

ባልና ሚስት ተያዩና በሳቅ ፈነዱ፤ የዚያን ቀኑ ሳቅ የምር ነበር።

«ወንድነትህ ተመለሰ ስልህ አንጀቴ እያረረ ነበር» አለች እናትዓለም።

«ታክቶኛል ስልሽ እኔም ዋሸሁ» አላት። «ግን ዛሬ ሞተሩ ሲነሣ ሆዴ ባባ። እሱንም አልደብቅሽም።»

እናትዓለም አገጯን ይዛ አሰበች። «እሑድ እኔ አርፋለሁ» አለች።

በማግስቱ ክንዱ ልጁን አዝሎ ጋሽ ሣህሉ ዘንድ ሄደ። «ሞተሩን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የቀድሞ ረዳቴ አምሐ ይያዘው፣ እኔ እሑድ እሑድ ልምጣ» አላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እሑድ ብቻ የሚሠራ ሞተረኛ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«በሌላው ቀንማ ሌላ ቦታ ነው የምሠራው፣ ጋሽ ሣህሉ።»

ጋሽ ሣህሉ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጓዱ ትዝ ሲሏቸው ዘጉት። «ምሳሌ የተባለ ሰው አባረረ ልባል ነው እንግዲህ! ሂድ፤ እሑድ እንዳትቀር» አሉ።

የመጀመሪያው እሑድ ክንዱ ደቅ ደርሶ ሲመለስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እናትዓለም ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ልጁ በአንድ ወገን፣ ፅጌ ማርያም በሌላው ወገን ቀሚሷን እየጎተቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት።

«አታናግረኝ። ነገ ፋብሪካ ነኝ እያልሁ ነው የዋልሁት» አለችና ልጁን አንሥታ እቅፉ ውስጥ ዶለችው።