የልብ ዚራዓ

ሰልማን ከሐኪሙ ክፍል ፊቱ በርቶ ሲወጣ ልጁ ዩስራ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባት። ከአልጋው ተነስቶ በር እስኪደርስ የሚያለከልክ ሰው፣ ልቡ አብጦ የደከመ ሰው፣ ምን አግኝቶ ይስቃል? ላስተርጉም ብላ ነበር፤ እኔ ዐረብኛ ስናገር አንቺ አልተወለድሽም ብሎ ከደጅ አስቀራት።

«ዚራዓ አለ ሐኪሙ» አላት ባለሦስት እግሩ ረክሻ ውስጥ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ዚራዓ ማለት ለሐበሻ አንድ ነገር ነው፤ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ። ሰልማን ጉልበቱን የጨረሰው እዚያ ነው። ሰፈር እንደደረሱ፣ ሠራተኛ በሎሪ የሚጭነውን ከማሉን ጠርቶ ነገ አብሬ እወጣለሁ አለው።

ዩስራ ተመልሳ ሐኪሙን ጠየቀችው። ያለው «ዚራዓት ቀልብ» ነው፤ የልብ ንቅለ ተከላ። ሁሉንም አስረዳት። ወደ ቤት የሄደችው እግሯን እየጎተተች ነው፤ የዚህን ሰው ደስታ መንጠቅ ደግሞ የእሷ ዕጣ ሆነ።

አባቷ ከከማሉ የተቀበለውን መኮትኮቻ በሞረድ ይስላል። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባ፣ እርሻ ይሂድ አላለም። የእርስዎን ልብ ነቅሎ የሌላ ሰው ልብ መትከል ነው ያለው።»

ሞረዱ ቆመ። «የማንን?»

«የሞተ ሰው፣ ቤተሰቡ የፈቀደ።»

ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ይይዛል?»

ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ እንደ አረም ሊነቅለው እንደሚነሳ ነገረችው። ያንን የሚከለክለው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይዋጣል፣ አንድ ቀን አይዘለልም፤ እሱው ደግሞ በሽታ መከላከያን ስለሚያደክም ትንሽ ትኩሳት እንኳ አይናቅም። ቀዶ ሕክምናው እዚህ አይሠራም፤ አገር መሻገር አለ፣ መንገዱም ጦርነት ነው። ኩላሊቱና ሳንባው መቻላቸው ይመረመራል። ከዚያ የሚስማማ ልብ እስኪገኝ ጥበቃ ነው፤ ሲጠብቅ የሚሞትም አለ። አላጣፈጠችለትም።

«እንግዲያ ከተከሉትም በኋላ ማረሙ አያልቅም» አለ።

«አያልቅም። ግን በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚያርም።»

«ልጄ፣ ምላስሽ ከዚህ ሞረድ ይብሳል።»

«ይመዝገቡ ልበለው?»

መኮትኮቻውን አገላብጦ አየው። «ይመርምሩኝ። እስከዚያው?»

«ኪኒንዎን መዋጥ፣ ጨው መተው። ሎሪ የለም።»

ቀስ ብሎ መሣሪያውን አቀበላት። «ለከማሉ መልሺለት። ዐረብኛው አልገባውም እንዳትዪ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ልቡ እንቢ አለው በይ» አለና ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።