ይህ ክር ስንት ጊዜ ልብስ ሆኗል?

የሰው ፓስፖርት አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ጨርቅ ፓስፖርት ሊያወጣ ነው! ሰሞኑን በጣሊያን የፕራቶ ከተማ ባለ ፋብሪካዎች ሌላ ወሬ የላቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ከብራስልስ በላከው ረቂቅ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ኮትና እያንዳንዱ ብርድ ልብስ በስልክ የሚነበብ ምልክት ይለጠፍበታል። ምልክቱም ልብሱ ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደተፈተለ፣ ስንት ውሃ እንደጠጣ ይናገራል። ረቂቁ ሃያ አንድ ጥያቄ አለው። ሃያውን እያጉረመረሙም ቢሆን ዋጡት። አሥራ ሰባተኛው ግን ጉሮሯቸው ላይ ቆመ፤ «ይህ ክር ስንት ጊዜ ልብስ ሆኗል?» ይላል።

ሎሪያና ይህን ስታነብ በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ። ከአባቷ የወረሰችው ፋብሪካ ከየአገሩ የሚመጣ ቡትቶ ቀድዶ፣ አበጥሮ፣ ፈትሎ እንደገና ጨርቅ የሚያደርግ ነው። ከተማው በዚህ ሥራ አድጎ በዚህ ሥራ ያረጀ ነው፤ ቡትቶን ግን «ስንተኛ ኑሮህ ነው?» ብሎ የጠየቀ ጤነኛ ሰው እስካሁን አልታየም። ስለዚህ የአነስተኛ ፋብሪካዎች ማኅበር አቤቱታ ጻፊልን ሲላት፣ ሦስት ገጽ ሙሉ በጥያቄ አሥራ ሰባት ላይ ተሳለቀችበት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቫስኮ የእህቷ ባል ነው። «ክሩን ራሱን ብትጠይቁት ይሻላል» የሚለውን መስመሯን በቃሉ ይዞ ባገኘው ሰው ፊት ሁሉ እየደጋገመ ይንከተከታል።

የእሷ ሳቅ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር። የቀሩትን ጥያቄዎች የሚመልሰው ወይ ወረቀት ወይ መሣሪያ ነው፤ ጨርቅ ላይ መብራት አብርቶ ሱፉ ይህን ያህል፣ ናይለኑ ይህን ያህል ብሎ የሚናገር። ትልልቆቹ ድርጅቶች ቡትቶውን በዚያ ለይተው ከነማስረጃው ይሸጣሉ። በሎሪያና መለያ ክፍል ውስጥ ያሉት ግን ሽማግሌው ኔዶና ሦስት ሴቶች ናቸው፤ የሚለዩትም በጣታቸው ነው። ጣት ደግሞ ማስረጃ አይጽፍም። ደንቡ ከጸደቀ በመሣሪያ የተለየውን ባለ ማስረጃ ቡትቶ ከውጭ እየገዛች ክፍሉን በመስከረም ልትዘጋው ቆርጣለች። ለኔዶ አልነገረቻቸውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ስምንት ዓመት የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ እሷን ጡት ሳትጥል ጀምሮ ያውቋታል፤ በየትኛው አፏ ትንገራቸው?

አቤቱታው ብራስልስ ደርሶ ሐሙስ ጠዋት መልሱ በሁለት እግሩ መጣ። ኬርስቲ የምትባል ቀጭን የኢስቶኒያ ሴት ናት፤ ረቂቁን ከሚጽፉት አንዷ። ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ባለ ፋብሪካዎቹን ልታነጋግር ቀጠሮ አላት። ከዚያ በፊት ግን አቤቱታ ጸሐፊዋን ፋብሪካዋ ድረስ መጣችባት።

«ጽሑፍዎን አንብቤዋለሁ፤ በጣም አሥቆኛል» አለቻት። «ጥያቄ አሥራ ሰባትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የሎሪያና ፊት በርበሬ መሰለ። «ኧረ ሲኞራ… እኔ እኮ ለቀልድ ያህል…»

«እውነትዎን ነው እኮ። የሚመልስልኝ ሰው ካጣሁ ዛሬውኑ እሰርዘዋለሁ። ብቻ ከመሰረዜ በፊት ቡትቶውን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው።»

ሎሪያና ወደ መለያው ክፍል ይዛት ገባች። ቡትቶው በየቀለሙ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ኔዶ አጭር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ በጉልበታቸው መካከል ቀጥ ብሎ በቆመው ስለት የአሮጌ ኮት ስፌት ይሸረክታሉ።

«ኔዶ፣ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ» አለች ሎሪያና። «ከብራስልስ ናቸው።»

«ከፍሎረንስ ካልሆኑ ይግቡ» አሉ ኔዶ ቀና ሳይሉ። ፕራቶና ጎረቤቷ ፍሎረንስ ሲናናቁ የኖሩ ናቸው፤ ሴቶቹ ከክምሩ ጀርባ በሳቅ ፈነዱ።

ኬርስቲ ከቦርሳዋ የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል መሣሪያ አውጥታ ኮቱ ላይ አበራችበት። «ሱፍ ሰማንያ፣ ናይለን ሃያ» ብላ አነበበች።

ኔዶ ኮቱን በሁለት ጣት አሸት አደረጉት። «ልክ ናት። ጎበዝ ዕቃ ናት፤ ምሳ ትበላለች?»

«አትበላም።»

«እንግዲያው ከእኔ ትሻላለች።» ቅናት የሚባል ነገር በድምፃቸው አልነበረም። ለሎሪያና ግን ክፍሉ በዚህች ደቂቃ የተዘጋ መሰላት።

ኬርስቲ መሣሪያዋን እየመለሰች፣ ለወጉ ያህል፣ ፈገግ ብላ ጠየቀች። «ሲኞር ኔዶ፣ ይህ ክር ስንት ጊዜ ልብስ ሆኗል?»

ሎሪያና በእፍረት መሬት መሬቱን አየች። ኔዶ ከተሸረከተው ጠርዝ አንድ ክር መዘዙ፤ የከረረውን ፈቱት፤ ሳብ አድርገው በጠሱትና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አስተኙት።

«ሁለቴ» አሉ። ኮቱንም ወደ ክምሩ ወረወሩት።

«ምን አሉ?»

«ይህ ኮት ሁለተኛ ኑሮው ነው አልኩ። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ነበረ።»

«ኔዶ፣ አይቀልዱ!» አለች ሎሪያና። «ሴትየዋ ይጽፉታል እኮ።»

«ይጻፉታ! ከበግ የወረደ ሱፍ ጭራው በርዝመት ጣት ያክላል። አንዴ ማሽን ሲቀድደው የጣት አንጓ ይሆናል። ሁለቴ ሲቀድደው ጥፍር። ከዚያ ወዲያ ብናኝ ነው፤ ከረዥም ጋር ካልተደባለቀ አይፈተልም። መያዝ ነው እንጂ ምን ጥበብ አለው?» ግራ ገብቷቸው ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። «አታውቁትም እንዴ?»

ሎሪያና ሃያ ሁለት ዓመት የዚህ ፋብሪካ ባለቤት ሆና አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። አሁንም አላመነችም። ቢሮ ሮጣ የአባቷን የናሙና መዝገብ አመጣች፤ በየገጹ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፏል፣ ሥሩም ከምን እንደተሠራ በአባቷ እጅ ተጽፏል። ስምንት ቁራጭ ላጠችና ጽሑፉን ከልላ አንድ በአንድ አቀበለቻቸው። ኔዶ ዓይናቸውን ጨፍነው ክር ይመዛሉ።

«ከበግ የወረደ። ሁለተኛ። ሁለተኛ። ይሄ ሦስተኛ፤ አባትሽ ደፋር ነበረ። ከበግ የወረደ…»

ሎሪያና በየገጹ እያመሳከረች ሰባቱን ልክ አገኘቻቸው። ኬርስቲ መጻፉን ትታ እጇን በአፏ ጫነች። ስምንተኛው ግራጫ ቁራጭ ነበር።

«ሦስተኛ» አሉ ኔዶ።

መዝገቡ ግን «ከአዲስ ሱፍ ልብሶች ቡትቶ» ይላል። ያ ማለት ሁለተኛ ነው። «እዚህ ላይ ተሳሳቱ» አለች ሎሪያና ቀስ ብላ።

«እኔ አልተሳሳትኩም። አባትሽም አልዋሸ፤ አዲስ ነው ብለው ሸጡለት፣ አዲስ ነው ብሎ ጻፈ። ማጉያሽን አውጪና እዪ።»

ባለ ጨርቅ ሁሉ በኪሱ የሚይዛትን ክር መቁጠሪያ ማጉያ አውጥታ ግራጫው ላይ ደፋቻት፤ ዓይኗንም አስጠጋች። ግራጫው ጠፋ። ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ አየች፤ አረንጓዴ አየች፤ ደማቅ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ስም የሌለው ቡና ዓይነት። በሕይወቷ ሙሉ ግራጫ እያለች የሸጠችው ጨርቅ ውስጥ አንድም ግራጫ ክር አልነበረም።

«ቀይዋ ታየችሽ? ብናኝ የመሰለችው?» አሉ ኔዶ። «አባትሽ ከገዛው ቡትቶ ውስጥ ተሸሽጋ ነው የገባችው። አዲስ ሱፍ አንዴ ብቻ ተቀድዶ እንደዚያች አያጥርም። ከእኛ በፊት ሌላ ሰው፣ ሌላ ከተማ ቀድዷታል።»

ሎሪያናን ውርር አደረጋት። እያንዳንዷ ጠብታ ቀለም የአንድ ሰው ልብስ ነበረች። አንዱ ለሠርጉ ገዝቷታል፤ አንዷ ብርድ ስትፈራ ለልጇ ደርባታለች። ሞተዋል፤ አገራቸውም ተረስቷል። ሱፋቸው ግን እዚህ ድረስ ተጉዞ፣ ከማያውቁት ሰው ሱፍ ጋር ተቃቅፎ ተፈትሎ፣ እንደገና የሌላ ሰው ትከሻ አሙቋል። እሷ አሮጌ ዕቃ የምትነግድ መስሏት ነበር። ዓይኗን ከማጉያው ማንሳት አቃታት፤ ስታነሳውም እንባዋ የማጉያውን መስተዋት አርጥቦት ነበር። ኬርስቲ መስተዋቱን በእጅጌዋ ጠርጋ በተራዋ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ያስተርጉሙልኝ ያለ አልነበረም።

«ይህን ማስተማር ይቻላል?» አለች በመጨረሻ።

«ከሴቶቹ ማርዚያ ታውቃለች። የቀሩት ሁለቱ ሊያውቁ ትንሽ ቀርቷቸዋል» አሉ ኔዶ። «እጅና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሌላ የጠየቀኝ የለም።»

ከበሩ ውጭ ኬርስቲ ወደ ሎሪያና ዞረች። «የእኔ መሣሪያ ይህን መመለስ አይችልም። ግን እኔ ብቻዬን ጥያቄውን ላቆየው አልችልም። ባለ ፋብሪካዎቹ አይቻልም ካሉ ይሰረዛል፤ አይቻልም የሚለው ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ የእርስዎ ፊርማ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሉትን ይበሉ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ወረቀትም ሆነ መሣሪያ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ቢኖር የሳቀችበት ጥያቄ ነው፤ እሱ ከተሰረዘ የኔዶ ክፍል የሚኖርበት ምክንያት አብሮ ይሰረዛል። ይቆይ እንዳትል ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የራሷን ሦስት ገጽ በአርባ ሰው ፊት ልትውጠው ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሎሪያና ኔዶን አብራ አምጥታቸው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቫስኮ መድረኩ ላይ ደረቱን ነፋ። «ደራሲያችንን ልጋብዝ! ክሩን ራሱን ብትጠይቁት ይሻላል ያለችው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሎሪያና ተነሣች። «ጥያቄ አሥራ ሰባት ይቆይ» አለች።

ሳቁ ለአፍታ ቀጠለ፤ ቀልድ መስሏቸው። ከዚያ ጫጫታው ተነሣ። «በስንት ገዙሽ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ሎሪ፣ አመመሽ እንዴ?» አለ ቫስኮ። «ማን ሊመልሰው ነው?»

«በጣቱ የሚያውቅ ሰው አለ።»

«በጣቱ! እስቲ የለበስሽው ኮት ስንተኛ ኑሮው ነው? ንገሪንና እንመን!»

ሎሪያና ከእጅጌዋ አንድ ክር መዘዘች። እንደ ኔዶ ፈታችው፣ በጠሰችው፣ ጥፍሯ ላይ አስተኛችው። ክር ነው። ሌላ ምንም አልነገራትም።

«አላውቅም» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ነገር እንጀራ በልቻለሁ፣ በእጄ ምን እንደያዝኩ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። የሚያውቁትን ሰው ደግሞ በመስከረም ላሰናብታቸው፣ ክፍላቸውን ልዘጋው ነበር። እዚያ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሳልነግራቸው ነው የኖርኩት። የማይቻል ነው ብዬ የጻፍኩላችሁ ስላልጠየቅኋቸው ነው።»

አርባ ራስ ወደ መጨረሻው ረድፍ ዞረ።

«ልትዘጊው ነበር?» አሉ ኔዶ።

«ነበር።»

ኔዶ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሁለት ጊዜ አዟዟሩት። «ነበር ካልሽ ይሁን» አሉ።

ቫስኮ መቼም ሽንፈት አይወድም። ከመድረኩ ወርዶ በወንበሮቹ መካከል እየተንጎራደደ ሄደና የሚኮራበትን ኮቱን እጅጌ ሽማግሌው አፍንጫ ሥር ዘረጋው። «ይሄስ?»

ኔዶ ክር መዘዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከበግ የወረደ ነው» አሉ። «ልጅ ነው ገና፤ ምንም አላየም።»

ቫስኮ የራሱን እጅጌ እንግዳ ነገር እንደሆነበት ሰው ያሻሸው ጀመር። ማንም አልሳቀበትም። ከኋላው አንድ ባለ ፋብሪካ ኮቱን አውልቆ ይዞ ቆሟል፤ ከእሱ ኋላ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። ኬርስቲ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ሳትሰርዝ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ኮቷንም አውልቃ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።